«አሸነፍክ» የተባለችው ተጫዋች፦ የአንድ የቅልልቦሽ የስልክ ጨዋታ ጉዳይ ጥናት ከቱሉ ዲምቱ

ቅልልቦሽ 5 ጠጠር ብቻ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። አራቱ መሬት ላይ ይበተናሉ፣ አንዱ ወደ ላይ ይወረወራል። የተወረወረው ሳይወድቅ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም በአንዴ አፍሶ መቅለብ ነው። አዲስ አበባ ያደገች ሴት በልጅነቷ ከሰኞ ማክሰኞና ከሱዚ ጋር ሳትጫወተው ያለፈች ብትኖር ጥቂት ናት። አራት አባላት ያሉት አንድ አነስተኛ ቡድን ይህን ጨዋታ ወደ ስልክ ሲያመጣው «የሴቶቹ የራሳቸው ጨዋታ ስለሆነ ፈልገው ያገኙታል» ብሎ ነበር። ጨዋታው ፕሌይ ስቶር ላይ ወጣ። አስተያየት የሚጽፉት፣ ስህተት የሚጠቁሙት፣ በቴሌግራም ቻናሉ የሚከራከሩት ግን ወንዶች ሆኑ።

ቡድኑ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ሰፈር መረጠ፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። የከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፣ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት። ከመሀል ከተማ የወጡ ቤተሰቦች፣ በየብሎኩ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ልጅ ይዘው ቤት የሚውሉ እናቶች አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሥራው ከመስከረም እስከ የካቲት ወሰደ። ከዚህ በታች የተጻፈው የተደረገው፣ የተበላሸውና የተስተካከለው ነው።

ሴቶች የስልክ ጨዋታ አይጫወቱም የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በሰፈሩ ጨዋታ የሚታይባቸው ቦታዎች ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ጆተኒና ፑል ናቸው፤ ሁሉም የወንድ ልጆች መዋያ። ስልክ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ግን መዋያ ቦታ ስለሌለው አይታይም። በሌላ አገር ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ይታወቃል፤ ጎግል ፕሌይ ኒውዙ ከተባለው የጨዋታ ገበያ አጥኚ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከ10 እስከ 65 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 ከመቶው የስልክ ጨዋታ ይጫወታሉ። ይህ ቁጥር ስለ ቱሉ ዲምቱ ምንም አይናገርም። «ሴት ጨዋታ አትወድም» ብሎ ለመነሳት ግን አያስችልም።

ጥያቄው ራሱ ስህተት ነበር

የመጀመሪያዎቹ ቃለ መጠይቆች ከንቱ ሆኑ። «ጌም ትጫወቻለሽ?» ስትባል መልሷ «ኧረ እኔ አልጫወትም» ነው። ያቺው ሴት ስልኳን ስትከፍት አረፋ የሚያፈነዳ፣ ፍራፍሬ የሚያዛምድ ወይም የካርታ ጨዋታ ይገኝበታል። እንደዋሸች መቁጠር አይገባም። «ጌም» የሚለው ቃል በሰፈሩ ኳስና ተኩስ ማለት ነው፤ እሷ የምታደርገው ደግሞ በእሷ አነጋገር «ዝም ብሎ መነካካት» ነው።

ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ተቀየረ፦ «ቡናው እስኪፈላ ስልክሽ ላይ ምን ትከፍቻለሽ?» ከዚያ ስልኩን እሷው እንደያዘች አብሮ ማየት። እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ጠያቂው ስልኩን ከእጇ አይቀበልም፣ የስክሪን ፎቶ አያነሳም፣ ፎቶና መልእክት ያለበት አካባቢ ከተከፈተ ዓይኑን ያነሳል። ጠያቂዋ ሴት መሆኗም ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ወንድ አባል አብሮ ሲገባ መልሱ ሁሉ ስለ ባሏና ስለ ልጇ ስልክ ይሆናል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ለእናቶች ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይመቻል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ምሳ አልተጣደም፣ ቡና ተነስቷል። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ሙሉ ውይይት ይበቃል። ለፋብሪካ ሠራተኞቹ ከእሁድ ከሰዓት ሌላ ቀን የለም። በሥራ ቀን ሰርቪስ ሲጠብቁ ማነጋገር ተሞክሮ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ንግግሩ መሀል ላይ ይበጠሳል፣ የደከመን ሰው ማስቸገርም ሆነ። በዕድሜ ከፍ ያሉትን «እትዬ» ብሎ፣ በልጃቸው ስም የሚታወቁትን «የእገሌ እናት» ብሎ መጥራት ደጁን ይከፍታል። የድርጅት ወረቀት ዘርግቶ ስም መመዝገብ ይዘጋዋል።

«አሸነፍክ»

ትልቁ ግኝት የመጣው ከአንድ ዝምታ ነው። አንዲት ተጫዋች አራቱን ጠጠር በአንዴ አፍሳ ቀለበች፤ ስክሪኑ «አሸነፍክ!» አለ። ፈገግታዋ ቀነሰ፣ ስልኩን ለልጇ ሰጠች። «ምነው?» ስትባል፣ «የሱ ነው መሰለኝ» አለች።

በአማርኛ ለአንድ ሰው፣ አንቱታ ካልሆነ በቀር፣ ትእዛዝም ሆነ ምስጋና ያለ ጾታ አይነገርም። የቡድኑ ጽሑፍ በሙሉ በወንድ አጠራር የተጻፈ ነበር፤ ጀምር፣ ምረጥ፣ ውሰድ፣ አሸነፍክ። የጻፈው ሰው ሴቶችን ለማግለል አስቦ አልነበረም። የስልክ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስለሆነ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ አንቱታ ነበር፤ ይጀምሩ፣ ይምረጡ፣ አሸነፉ። ሁለት ችግር አመጣ። «አሸነፉ» ሲባል አሸናፊዋ ተጫዋቿ ትሁን ሌሎች ሰዎች አይለይም። ደግሞም የ19 ዓመት ልጅ «ይምረጡ» ስትባል ባንክ የገባች ይመስላታል፤ በጨዋታ አንቱታ የለም።

ሁለተኛው ሙከራ ፕሮግራም አድራጊው በራሱ የሠራው ማቀላጠፊያ ነው፤ ግሱን ጽፎ ለሴት ሲሆን ከኋላው ድምፅ መቀጠል። ላለፈ ጊዜ ሠራ፤ «አሸነፍ» ላይ ክ ወይም ሽ መጨመር ይበቃል። ትእዛዝ ላይ ግን ወደቀ፤ ምክንያቱም ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። ጀምር ጀምሪ፣ ሞክር ሞክሪ ይላል፤ እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ይከተላል። ውሰድ ግን ውሰጂ እንጂ «ውሰዲ» አይሆንም። ምረጥ ምረጪ፣ መልስ መልሺ፣ ተጫወት ተጫወቺ። በሙከራ ቅጂው ላይ «ውሰዲ» እና «ምረጢ» የሚሉ ቁልፎች ወጡ፤ ሴቶቹ ሳቁና አማርኛ የማያውቅ ሰው የሠራው መሰላቸው።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ጽሑፍ በእጅ ተጻፈ። ጨዋታው ውስጥ 160 ገደማ ጽሑፎች ነበሩ፤ ጾታ የሚለዩት ግን ከ60 አይበልጡም። ቀሪው «ደረጃ 4»፣ «ድምፅ»፣ «ቀጣይ» ዓይነት ስም ስለሆነ ለማንም ይሆናል። የሚለዩት በሦስት ዓምድ ተቀመጡ፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአክብሮት። መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ ላይ መመዝገቢያ ቅጽ ቀርቶ ሦስት ቁልፍ ብቻ ገባ፦ «ና፣ እንጫወት»፣ «ነይ፣ እንጫወት»፣ «ይምጡ፣ እንጫወት»። የተነካው ቁልፍ የቀረውን አጠራር ሁሉ ይወስናል። ጾታዋን ጠይቆ የሚሰበስብ ጥያቄ የለም፤ ቡድኑም ስንት ሰው «ነይ» የሚለውን እንደመረጠ በማየት ብቻ ከቀድሞው የተሻለ መረጃ አገኘ። አንድ ጥንቃቄ ይቀራል፤ ስልኩ የቤተሰብ ከሆነ «ነይ» ብሎ የጀመረው ጨዋታ ማታ በወንድ ልጇ እጅ ይገባል። ስለዚህ አጠራሩ በማቆሚያው ገጽ ላይ በአንድ ንክኪ የሚለወጥ ተደረገ። ይህ ሳይደረግ ቁጥሩን ማመን አይቻልም።

ሰፈሩ ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ በኦሮምኛ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ በመሆኑ ትርጉሙ አንድ ዓምድ ብቻ ነው የፈለገው።

ፊደልን በተመለከተ አንድ የተለመደ ብልሽት አለ። ዩኒቲ በተባለው የጨዋታ መሥሪያ የተሠራ ጨዋታ ጽሑፍ ለማሳየት ቴክስትሜሽፕሮ የተባለውን መሣሪያ በቋሚ ፎንት ሲጠቀም የሚያሳየው በፎንት ፋይሉ ውስጥ ተሰልተው የገቡትን ፊደላት ብቻ ነው። ቡድኑ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ሲያስገባ ቦታ ለመቆጠብ በወንድ አጠራር ጽሑፎቹ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ብቻ መረጠ። የሴት አጠራሩ ሲጨመር «ጂ»፣ «ጪ» እና «ሺ» ባዶ ሳጥን ሆነው ወጡ። ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ድምፃቸው 231 ናቸው፤ ሁሉንም ከነዲቃሎቻቸውና ከነሥርዓተ ነጥቡ ማስገባት ስልኩን አይከብደውም።

ስልኩ ውስጥ እንዴት ይገባል

ከባዱ ክፍል ይህ ነው። በዚህ ሰፈር የብዙ ሴቶች ስልክ 2 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ራም ያለው ቴክኖ ወይም አይቴል ነው፤ አንዳንዱ ከባል ወይም ከወንድም የወረደ። ጎግል አካውንቱን የከፈተው ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስልኩን የምትይዘው ሴት አታውቀውም። ፕሌይ ስቶር አካውንቱን ድጋሚ ካረጋገጠ መንገዱ እዚያው ያበቃል። ዳታ ደግሞ በቀን ጥቅል ይገዛል፤ 118 ሜጋባይት ለአንድ ጨዋታ ማውጣት የማይታሰብ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ ወደ 34 ሜጋባይት ወረደ። ትልቁ ቅናሽ የመጣው ከድምፅ ነው፤ ዌቭ የተባሉት ያልተጨመቁ የድምፅ ፋይሎች ኦግ ወደተባለው የተጨመቀ ዓይነት፣ ያውም ባለ አንድ መስመር (ሞኖ) ሆነው ተቀየሩ። ቀጥሎ ምስሎቹ ኢቲሲ2 በተባለው መጭመቂያ ተጨመቁ፣ የማይሠራባቸው የማስታወቂያና የመለኪያ ተዘጋጅተው የሚገቡ ኮዶች ወጡ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ መጠን ለመቀነስ ብለው የ32 ቢት ቅጂውን ይጥላሉ። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በ32 ቢት ስለሆነ ጨዋታው ከእነሱ ላይ ጨርሶ ይጠፋል።

ሰዎች መተግበሪያ የሚለዋወጡት በዜንደር ወይም በሼርኢት ነው፤ ሁለት ስልክ ተቀራርቦ ያለ ዳታ ያስተላልፋል። ጨዋታው በዚህ መንገድ ሲሄድ «አልተጫነም» ይል ነበር፤ ወይ ተጭኖ ሲከፈት ይዘጋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሌይ ስቶር አዲስ መተግበሪያ የሚቀበለው አፕ ባንድል በተባለ የፋይል ዓይነት ነው። ከዚያ የሚወርደው ለአንዱ ስልክ ልክ የተቆራረጠ ክፍል ነው፤ ዋናው ክፍል ብቻ ለሌላ ስልክ ሲላክ ጎደሎ ይሆናል። መፍትሔው ሁሉንም ክፍል በአንድ የያዘ ኤፒኬ፣ ማለትም የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል፣ ማዘጋጀት ነው። እሱንም ቡድኑ በራሱ ቁልፍ፣ ማለትም መተግበሪያው የማን እንደሆነ በሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ፣ ፈርሞ አወጣው፤ ሌላ ስህተት። ፕሌይ ስቶር የሚፈርምበት ቁልፍ ሌላ ስለሆነ በዜንደር የተቀበለችው ሴት በኋላ ከስቶር ማደስ አቃታት፤ አጥፍታ ስትጭን ደረጃዋ ሁሉ ጠፋ። ትክክለኛው አሠራር ፕሌይ ኮንሶል በተባለው የመተግበሪያ ሠሪዎች ገጽ ውስጥ ካለው የባንድል መመልከቻ በስቶሩ ቁልፍ የተፈረመውን ሙሉ ኤፒኬ አውርዶ እሱን ማከፋፈል ነው።

ከየት ይከፋፈል? ሞባይል ቤቶቹ መጀመሪያ ታሰቡ። በተጫነ ቁጥር ክፍያ ተባለ፤ ሻጮቹ የሚያገኙትን ስልክ ሁሉ ጫኑበት፣ አብዛኛው የወንዶች። ያዋጣው የውበት ሳሎን ነው። ሹሩባ ሰዓታት ይፈጃል፣ ተራ የምትጠብቀውም ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች፤ የምትተማመንበት ሰው ደግሞ አጠገቧ አለ። ለሳሎኖቹ በጭነት ልክ አልተከፈለም። ስልክ መሙያ ብዙ ሶኬት ያለው ማራዘሚያና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ተሰጣቸው። ጨዋታው ባለሳሎኗ ስልክ ላይ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ከፈለገች በዜንደር ትቀበላለች፣ ካልፈለገች አትጠየቅም።

አንድሮይድ ከስቶር ውጪ ሲጫን ያስጠነቅቃል። «ዝም ብለሽ እሺ በይው» ማለት ቀላል ነው፤ በቡድኑ ግን ተከልክሏል። ይህን የተማረች ሴት ነገ ገንዘቧን የሚሰርቅ መተግበሪያ ሲላክላትም እሺ ትላለች፤ ስልኳ ውስጥ ቴሌብር አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያው ምን ማለት እንደሆነ፣ ከማታውቂው ሰው የተላከ ኤፒኬ መጫን እንደሌለበትና ዳታ ሲኖር ከስቶር ማውረድ እንደሚሻል ነው።

በመሀል የሚቋረጥ ጨዋታ

አንዱ ዙር መጀመሪያ 3 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በዚያ መሀል ወተት ይገነፍላል፣ በር ይንኳኳል። ስትመለስ ጨዋታው ከዜሮ ይጀምራል፤ ሁለቴ እንዲህ ከሆነባት ሦስተኛ አትከፍተውም። ዙሩ ወደ 40 ሰከንድ አጠረ። ሁኔታውም ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ እንዲቀመጥ ተደረገ። ቀድሞ የማስቀመጫው ኮድ የተጻፈው ጨዋታው ሲዘጋ በሚጠራው የፕሮግራሙ ቦታ ላይ ነበር፤ አነስተኛ ራም ያለው ስልክ ግን ከኋላ ያለውን መተግበሪያ ሳያስታውቅ ስለሚገድለው ያ ቦታ ላይጠራ ይችላል። ጨዋታው ከስክሪኑ ፊት ለቆ ወደ ኋላ ሲሄድ በሚጠራው ቦታ ላይ መጻፍ አለበት።

ሌላኛው እጇ ሥራ ላይ ነው ወይም ልጅ ታቅፏል። ጨዋታው ስልኩ ቀጥ ብሎ ተይዞ በአንድ አውራ ጣት የሚሄድ ሆነ፤ ጠጠሮቹ የስክሪኑ የታችኛው ግማሽ ላይ ይበተናሉ፣ ማንኛውም የሚነካ ነገር አንድሮይድ ከሚመክረው 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ)፣ ማለትም 9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አያንስም። ድምፁ ሲጀመር ጠፍቶ ነው፤ ልጅ ይተኛል፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳም ስስ ነው።

ቀለሙን ስለመቀየር ባጭሩ፦ አንድ ሳምንት ሮዝና አበባ የሞላበት ቅጂ ተሞክሯል። ቅልልቦሽ የሚጫወቱበት ጠጠር አፈር የነካው ነው፤ «የሕፃን መሰለ» አሉት፣ ተመለሰ።

ስምና ብሎክ

በጣም የከፋው ስህተት በቅን ልቦና የተሠራ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲፎካከር የደረጃ ሰንጠረዡ በብሎክ ቁጥር ተከፈለ። የአሸናፊዋ ስምና ብሎክ ለሁሉም ይታያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዲት ተጫዋች ማን እንደሆነ ያላወቀችው ሰው የብሎኩ ደረጃ መውጫ ላይ በጨዋታው ስሟ እንደጠራት ለቡድኑ ነገረች። ሰንጠረዡ በዚያው ቀን ወረደ። ብቻዋን የምትኖር ወይም ማታ ከፈረቃ የምትመለስ ሴትን ስምና አድራሻ አንድ ላይ ማውጣት በምንም የጨዋታ ጥቅም አይካስም፤ ሲታሰብ መገታት ነበረበት።

በምትኩ የገባው «ቡና ጠጪ» የተባለ ዝግ ክበብ ነው። እስከ 8 ሰው ይይዛል፤ የሚገባው አንዷ በአፏ በምትነግረው ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ከክበቡ ውጪ ማንም ስም አያይም፣ ነፃ ጽሑፍ የሚላክበት ቦታ የለም። መላላክ የሚቻለው በተዘጋጁ አጫጭር ቃላት ነው፤ «ጎሽ!»፣ «ተራሽ ነው»፣ «ቡና ፈልቷል»። በየሳምንቱ አንዷ ዳኛ ትሆናለች፣ ተራው እንደ ዕቁብ በዕጣ ይወጣል። ከመሀል ከተማ የወጡት ሴቶች ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህን ሆነ፤ ቀድሞ ሰፈር ከቀሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር ክበብ አበጁ፤ ቱሉ ዲምቱና አራት ኪሎ በአንድ ጠጠር ይጫወታሉ።

ክበቡን የጎግል አካውንት ላይ ማሰር አልተቻለም፤ ምክንያቱ ከላይ የተባለው የይለፍ ቃል ነው። ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር ደረጃዋን የምትመልሰው በአራት የአማርኛ ቃላት ነው፤ ወረቀት ላይ ትጽፋቸዋለች፣ ለምሳሌ ሙቀጫ፣ ዝናብ፣ ጤፍ፣ መሰላል።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። ቪዲዮ እያሳየ ተጨማሪ ሕይወት የሚሰጠው ማስታወቂያ ከቀን ጥቅሏ ላይ ሜጋባይት ይበላል፤ ሴቶቹ «ይሄ ጨዋታ ካርድ ይበላል» ብለው ካጠፉባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው እሱ ነበር። ቪዲዮው ወጥቶ በዙሮች መካከል አንድ የማይንቀሳቀስ ምስል ቀረ። አድሞብ በተባለው የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት መቆጣጠሪያ ውስጥ የፍቅር ጓደኛ ፍለጋ፣ የአቋራጭ ሀብትና ገላ የሚያሳዩ ምድቦች ተዘጉ፤ ባሏ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ሲያይ የሚያሳፍራት ነገር መውጣት የለበትም። ገቢው በዚህ ልክ ቀነሰ፤ አድሞብ የሚከፍለው ሂሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው፣ እስኪሞላም ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

በቴሌብር የጠጠር ቀለም መሸጥ ሁሉም የሚያነሳው ሐሳብ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ ያለ ጨዋታ ግን ዲጂታል ዕቃ የሚሸጠው በስቶሩ የክፍያ ሥርዓት እንዲሆን ደንቡ በአብዛኛው ያስገድዳል፤ ተጥሶ ከተገኘ ጨዋታው ሊወርድ ይችላል። አሁን የተያዘው መንገድ የሰፈር ስፖንሰር ነው፤ ባለሳሎኗ፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የልጆች ልብስ መሸጫው በወር ከፍለው ምስላቸው በቱሉ ዲምቱ ክበቦች ላይ ይወጣል። ከየካቲት መጨረሻ በፊት ሁለት ሳሎኖች ተስማምተዋል፤ ወፍጮ ቤቱ «መጀመሪያ ለሚስቴ ላሳያት» ብሎ ስልኩን ይዞ ሄዷል።